«በርታ»፦ ለማያውቁት ሰው ስለሚነገር አድናቆት



ዛሬ የምናገረው ስለ ትንሽ ነገር ነው፤ ለማናውቀው ሰው አድናቆታችንን ስንገልጽ ስለሚሰማን እፍረት። ትንሽ መሆን አለመሆኑን ግን ከራሴ ገጠመኝ ልጀምርና እናንተው ፍረዱ።

ባለፈው ዓመት የወገብ ሕመም አስቸግሮኝ፣ በሐኪም ምክር በከተማችን ካሉት ጂሞች ወደ አንዱ መመላለስ ጀመርሁ። በዚያ ቤት ከእኔ በቀር ሁሉም የእናንተ እኩዮች ናቸው። ከአጠገቤ የሚሠራ አንድ ወጣት ነበር፤ በመጀመሪያው ሰሞን ከባዱን ብረት ከመሬት ማላቀቅ አቅቶት አይቼዋለሁ። ከወራት በኋላ አንድ ምሽት ያንኑ ብረት ደጋግሞ ከራሱ በላይ አነሣው። ደስ አለኝና «እንዴት ያለ ትከሻ አወጣህ!» አልሁት። ብረቱን አስቀመጠና ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ፈገግ እያለ «ጋሼ፣ እንትፍ ይበሉበት» አለኝ። በዙሪያችን ያሉት ሣቁ። እኔም ሥቄ እንትፍ እንትፍ አልሁ። እስክወጣ ድረስ ግን ፎጣው ከትከሻው አልወረደም።

ያ ልጅ ቡዳ ነህ አላለኝም። ምናልባት በቡዳ ጭራሽ አያምንም ይሆናል። ሆኖም ከአፌ የወጣው ቃል አንዳች ማርከሻ እንደሚሻ ሁለታችንም ተሰምቶናል። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ደግ ቃል ስለምን ማርከሻ ይሻል?

የማኅበረሰብ ጥናት ሊቁ ኧርቪንግ ጎፍማን በ1963 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች በአደባባይ ሲገናኙ የሚጠብቁትን ሥርዓት ገልጾታል። አንድ አፍታ ተያይተው ዓይናቸውን ይመልሳሉ፤ «መኖርህን አውቄአለሁ፣ ነገር ግን አላፈጥብህም» እንደ መባባል ነው። ጂም ይህን ሥርዓት እጅግ ይፈትነዋል። ልብሱ ስስ ነው፣ ግድግዳው መስታወት ነው፣ የሚያቃስተው ሁሉ ይሰማል። ሁሉም ያያል፣ ሁሉም እንዳላየ ይሆናል። እንግዲህ አድናቆት የሚናገር ሰው፣ አስቦትም ሆነ ሳያስበው፣ «ሳይህ ከርሜአለሁ» ብሎ መናዘዙ ነው።

ተቀባዩም ይቸገራል። አኒታ ፖሜራንትዝ በ1978 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት እንዳሳየችው፣ የተመሰገነ ሰው በሁለት ግዴታዎች መካከል ይያዛል። ከተናጋሪው ጋር መስማማት ይገባዋል፤ ራሱንም ማወደስ አይገባውም። ሁለቱን በአንድ መልስ መፈጸም አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ሰው ምስጋናውን ያሳንሰዋል ወይም ወደ ሌላ ያሻግረዋል። በእኛ ዘንድ «ኧረ ምን አለኝ» ማለት የመጀመሪያው መንገድ ነው፤ «ዓይንዎ ነው ያማረው» ማለት ሁለተኛው።

ከዚህ ጠለቅ የሚለው የፔኔሎፒ ብራውንና የስቲቨን ሌቪንሰን ሐሳብ ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ መልክ ባሳተሙት የትሕትና ጥናታቸው፣ አድናቆትን የሰሚውን ክብር ሊያሰጉ ከሚችሉ ንግግሮች ጋር ይመድቡታል፤ ተናጋሪው የሰሚውን ነገር መውደዱን፣ ምናልባትም መመኘቱን ስለሚያሳይ። ይህን የዳባትና የደባርቅ እናቶች መጽሐፍ ሳያነቡ ያውቁታል። በቋንቋችን የምቀኛ ዓይን ይበላል፤ «ቡዳ በላው» እንላለንና። ሮናልድ ሬሚኒክ የማንዝን አማሮች አጥንቶ በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ቡዳ ይፈራበታል ከሚባልበት አጋጣሚ አንዱ ያማረ ሰው ወይም ሕፃን በአድናቆት የሚታይበት ጊዜ መሆኑን ያስረዳል። ስለዚህ ነው አድናቆታችን ብቻውን የማይሄደው። «ከዓይን ያውጣው» ይከተለዋል፤ ሕፃን ሲሆን «እደግ፣ ተመንደግ»፤ በአዲስ ዓለም ሰፈር «ማሻአላህ»። እነዚህ ቃላት አንድ ሥራ ይሠራሉ። ያየሁትን አልፈልገውም፣ ለባለቤቱ ይጽናለት ይላሉ፤ ምስጋናውን ወደ ምርቃት ይለውጡታል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የባህል ጨዋነት ይመስላል። ነገር ግን የቡዳ ጥርጣሬ በሁሉም ላይ እኩል አልወደቀም። በአካባቢያችን የተጫነው በጠይቦች ላይ ነው፤ ብረት በሚቀጠቅጡ፣ ሸክላ በሚሠሩ፣ ጥበብ በሚሸምኑ ሰዎች ላይ። ከእነርሱም መካከል ቤተ እስራኤሎች ነበሩ። ማረሻውን ከእነርሱ እየገዛ የሚያርስ፣ ወጡን በእነርሱ ድስት የሚሠራ ሕዝብ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ብሎ ይፈራቸው ነበር። ሐጋር ሳላሞን ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤሎችን አነጋግራ በ1999 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው መጽሐፍ «የጅብ ሰዎች» የሚል ስም የያዘው ስለዚህ ነው። ከከተማችን በስተሰሜን ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ወለቃን የምታልፉ ተማሪዎች የሸክላ ምስሎቹን አይታችኋል። የሠሩትን እጆች ታሪክ ግን ሁላችሁም አልሰማችሁ ይሆናል።

ከብዙ ዓመታት በፊት ያስተማርኋት አንዲት ተማሪ፣ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነበረች፣ አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ። በልጅነቷ እናቷ አጥብቃ ያስተማረቻት የሰው ሕፃን ትኩር ብላ እንዳታይ፣ ይልቁንም «ያምራል» እንዳትል ነበር። ሕፃኑ በማግሥቱ ቢያተኩሰው የሚጠየቀው ማን እንደሆነ እናቲቱ ታውቃለችና። ወገኖቼ፣ እኔ እንትፍ ብዬ በሣቅ አለፍሁ። ለዚያች ልጅ ግን ሣቁ አልተፈቀደላትም። ከሰው የሚነጠቀው መሬትና ማዕረግ ብቻ አይደለም። የጎረቤትን ልጅ «እንዴት ያምራል» የማለት ነጻነትም ይነጠቃል።

ሌላም ሸክም አለ። «ቆንጆ» ተብሎ ተጀምሮ፣ መልስ ሲያጣ ወደ ስድብ የሚለወጠውን ቃል ሴት ተማሪዎቻችን በየመንገዱ ይሰሙታል። ስሙ አድናቆት አይደለም፤ ለከፋ ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ቀላል መመዘኛ አለ። መልስ ባለማግኘቱ የሚቆጣ ምስጋና ከመጀመሪያውም ስጦታ አልነበረም፤ ልመና ወይም ትእዛዝ ነበር። በጂም ውስጥ የምታሠለጥን ሴት የጆሮ ማዳመጫዋን ሳታወልቅ ብታልፍ፣ ያመሰገናት ሰው ዕዳ አላስቀመጠባትም።

ታዲያ ዝም እንበል? የሀገራችን ብልኅ ተረት «ሰውን ማመስገን ለሐሜት ያስቸግራል» ይላል፤ አንዳንዶቻችንም በዚህ ምክንያት የምንጠነቀቅ ይመስለኛል። ዝምታም ግን ዋጋ አለው። ኤሪካ ቡትቢና ቫኔሳ ቦንስ በ2021 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች የማያውቁትን ሰው እንዲያመሰግኑ አድርገው ነበር። አመስጋኞቹ ቃላቸው የሚሰጠውን ደስታ አሳንሰው፣ የሚያስከትለውን መሰላቸት አግንነው ገምተው ተገኙ። የእነርሱን ግኝት እንዳለ ወደ ጎንደር ማምጣት አይቻልም፤ የእኛ ፍርሃት የራሱ ታሪክ አለውና። ቢሆንም ከእፍረታችን ከፊሉ የተሳሳተ ግምት ሊሆን እንደሚችል ያስጠነቅቀናል።

መውጫውም ያለው ከቤታችን ነው። በወገራ መንገድ የሚያልፍ እንግዳ፣ በማሳ ላይ ጎንበስ ያለ የማያውቀውን ገበሬ ሲያይ «እግዜር ያበርታ» ይላል። ገበሬው ቀና ብሎ «አሜን» ይላል፤ ማጭዱም ሥራውን ይቀጥላል። ማንም አያፍርም፣ ማንም ፎጣ አይሻም። ይህ ቃል የሚያየው ገላን ሳይሆን ድካምን ነው። ገላ የአንድ ሰው ነው፤ ሲደነቅ የሚመኘው ያለ ይመስላል። ድካምን ግን የሚመኝ የለም፤ ስለዚህ ምስጋናው አይበላም። መልሱም አንድ ቃል ነው፣ ራስን ማወደስ የለበትም። ፖሜራንትዝ ያየችው አጣብቂኝ በ«አሜን» ይፈታል። የእኔ ስሕተት መናገሬ አልነበረም፤ ስለ ትከሻው መናገሬ ነበር። ከወራት በፊት ያቃተውን ማንሣቱን ነበር ማመስገን የነበረብኝ።

ለፎክሎርና ለቋንቋ ተማሪዎች አንድ የቤት ሥራ ልተውላችሁ። በየቀዬአችሁ ለማያውቁት ሰው የሚነገሩትን የምስጋና ቃላት ከነመልሳቸው መዝግቡ። ስትመዘግቡም ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ በዚህ መንደር ይህን ቃል እንዳይናገር የተከለከለው ማን ነው? የዚያች ተማሪ እናት ከሰብሳቢዎች ማስታወሻ ውስጥ እስካሁን የለችም፤ ያልተናገረችው ቃል ግን የባህላችን አካል ነው።

 በርቱ።