የገዳሪፍ የባቡር ሐዲድና የማደሻው ሥራ



የባቡር ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የሐዲዱ ርዝመትና የጣቢያው ውበት ነው። ነገር ግን የባቡር ዕድሜ የሚወሰነው በማደሻው ስፍራ ነው። የገዳሪፍና የጎረቤቱ ሐዲድ ታሪክ ይህን ያስረዳል። (የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የምሥራቅ ሱዳን ሐዲድ ከሃያ መገንጠያ ተነሥቶ በ1924 ካሰላ፥ በ1928 ገዳሪፍ ገባ፤ በ1929 ሰናር ደርሶ ከሌላው መስመር ጋር ተጋጠመ። በመጀመሪያ የታሰበው የጋሽን ጥጥ ወደ ፖርት ሱዳን ለማውረድ ሲሆን፥ በኋላ የገዳሪፍ ሰሊጥና ማሽላ በፉርጎ ይጫን ጀመር።

በእንፋሎት ዘመን ባቡር እንደ ጋማ ከብት እንክብካቤ ይሻ ነበር። ከጕዞ ሲመለስ አመዱ ይጠረጋል፤ መካኒኩ በሐዲዱ መካከል ከተቈፈረው ጕድጓድ ገብቶ ከሥሩ ይመረምረዋል። ውሃው የሚፈላበት ጋን በየጊዜው ካልታጠበ፥ በውስጡ የሚጋገረው ዝቃጭ እሳቱን ከውሃው ይለያል፤ ብረቱም ይቃጠላል። በክብ ቅርጽ በተሠራ ማደሻ ውስጥ ደግሞ፥ በመካከሉ ያለው ተዟሪ ድልድይ ባቡሩን አዙሮ ወደየክፍሉ ያስገባዋል።

የሱዳን ሐዲድ ዋና ማደሻ የተቋቋመው የተከዜን ውሃ ይዞ የሚወርደው ወንዝ ከዓባይ በሚገናኝበት በአትባራ ነው። በዚያ የተሰበሰቡት ሠራተኞች በ1947 ሥራ አቁመው ማኅበራቸው እንዲታወቅላቸው አድርገዋል።

በወሰኑ ማዶ ደግሞ ከምጽዋ የተነሣው ሐዲድ በ1911 አሥመራ፥ በ1928 አቆርደት፥ በ1932 ቢሻ ደረሰ። ወደ ተሰነይ እንዲቀጥል ቢታሰብም በዚያው ቀረ። በ1941 እንግሊዞች ከካሰላ በኩል እስከ ተሰነይ የጦር ሐዲድ ዘረጉ። ሁለቱ መስመሮች ግን አልተገናኙም። ቢገናኙም እንኳ የኤርትራው ሐዲድ ስፋት 950፥ የሱዳኑ 1067 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ፥ የአንዱ ባቡር በሌላው ሊሄድ አይችልም ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ በየራሱ ማደሻና በየራሱ ባለሙያ ተወስኖ ኖረ።

ከዚህ በኋላ የሁለቱ ዕድል ተለያየ። በ1980 ከካርቱም በገዳሪፍና በካሰላ አልፎ ፖርት ሱዳን የሚደርሰው የአስፋልት መንገድ ሲፈጸም፥ ጭነቱን የጭነት መኪና ወሰደው። በ1990ዎቹ መጀመሪያም ከሱዳን ባቡር በሺሕ የሚቈጠሩ ሠራተኞች ተባረሩ፤ ብዙ ዘመን የተከማቸው ሙያም አብሯቸው ወጣ።

በኤርትራ በኩል በ1970ዎቹ ባቡሩ በጦርነት ቆመ፤ ሐዲዱም እየተነቀለ ለምሽግ ዋለ። ይሁን እንጂ ከ1994 ጀምሮ ጡረታ የወጡ ሽማግሌዎች ወደ ማደሻው ተጠሩ። የጐደለውን ዕቃ በእጃቸው ቀጥቅጠው፥ ወጣቶቹንም አስተምረው፥ በ2003 ባቡሩን ከምጽዋ አሥመራ ዳግመኛ አስገቡት።

እንግዲህ የተነቀለ ሐዲድ ተመልሶ ይዘረጋል፤ የተበተነ ሙያ ግን በቀላሉ አይሰበሰብም። ስለዚህ የባቡር ሀብት የሚቈጠር ሰው ከብረቱ አስቀድሞ ሠራተኛውን ሊቈጥር ይገባዋል።