7518፦ ዓመቱን በሆዱ የያዘ ቁጥር



ዛሬ የመጣሁት ስለ አንድ ቁጥር ልነግራችሁ ነው። ቁጥሩ 7518 ነው። በግእዝ አኃዝ ሲጻፍ ፸፭፻፲፰ ይሆናል፤ ሰባ አምስት መቶ ዐሥራ ስምንት። በያዝነው 2018 ላይ 5500ውን ዓመተ ፍዳ ስንደምር የምናገኘው ዓመተ ዓለም ነው።

ክፍል ውስጥ ብንጠየቅ 2፣ 3፣ 7 እና 179 ሲባዙ ይሰጡታል ብለን እናልፋለን። የባሕረ ሐሳብ፣ የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫው ስሌት፣ ሊቅ ግን ዓይኑ ትራፊው ላይ ነው። ለ4 ሲያካፍለው 1879 ይደርስና 2 ይተርፋል፤ ዘመኑ ማርቆስ ነው። 1879ኙ መጠነ ራብዒት ይባላል፤ በየአራት ዓመቱ የምትመጣውን የጳጉሜን 6 ቀን የሚቆጥር ነው። 7518ንና 1879ን ደምሮ 9397ን ለ7 ሲገድፍ 3 ይቀራል። ማክሰኞን አንድ ብሎ ሲቆጥር ሐሙስ ላይ ያርፋል፤ መስከረም 1 ቀን ሐሙስ ዋለ። ልብ በሉ፤ 7518 ራሱ ለ7 ያለ ቀሪ ይካፈላል። የዘንድሮን ዕለት የወሰኑት እነዚያ የጳጉሜን ትርፍ ቀኖች ብቻ ናቸው።

ለ19 ሲገደፍ ደግሞ 13 ይተርፋል። አንዱን ለዘመኑ ሲተው ወንበሩ 12 ነው። 12ን በ11 አባዝቶ ለ30 ቢገድፍ አበቅቴ 12፣ በ19 አባዝቶ ቢገድፍ መጥቅዕ 18 ይወጣል። ሁለቱ ሲደመሩ 30 መሆናቸው አጋጣሚ አይደለም፤ 11 እና 19 ራሳቸው 30 ናቸውና። መጥቅዑ ከ14 ስለበለጠ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18፣ እሑድ ዋለ። የእሑድ ተውሳክ 7 ሲጨመር 25፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሆነ። ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ፋሲካ ሚያዝያ 4።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ዐቢይ ቀመር ነው፤ የወንጌላዊውና የዕለቱ የ28 ዓመት ዑደት በአበቅቴው የ19 ዓመት ዑደት ሲባዛ፣ 532 ዓመት። 28 እና 19 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም፤ ስለዚህ ከ532 ዓመት በፊት ሁለቱ ዑደቶች አብረው ወደ መነሻቸው አይመለሱም። ከ2018 ላይ 532 ብንቀንስ 1486 ዓ.ም. ላይ እንደርሳለን፤ የአፄ እስክንድር ዘመነ መንግሥት ማብቂያ። የዚያ ዓመት ፋሲካም ሚያዝያ 4 ነበር። አንድ ጸሐፊ በብራናው ጫፍ ወንጌላዊውን፣ የመስከረም 1ን ዕለትና አበቅቴውን ከተወልን፣ ዓመቱ ቢፋቅ እንኳ በ532 ዓመት ውስጥ አንዱን ለይተን እናወጣዋለን። ይህ የቁጥር ንድፈ ሐሳብ ነው፤ ያውም ጥንቅቅ ያለ።

ከበላያችን እንጦጦ ላይ ሰማይን የሚያጠኑ ቴሌስኮፖች ተተክለዋል፤ ያኮራል። ይህ ስሌት ግን ጠመኔና ሰሌዳ ብቻ ነው የሚፈልገው። እንግዲህ የየካ የሒሳብ መምህራን፣ አደራ፤ በመጪው መስከረም 7519ን ሰሌዳ ላይ ጻፉና ልጆቹ ፋሲካውን ራሳቸው ያውጡት። በትክክል ከሠሩ ሚያዝያ 24 ላይ ይደርሳሉ።