ሰዓቱ የዕጣ ነው፤ ግድግዳው ግን የሰው!
(አዳማ ላይ ከተደረገ ንግግር)

ወገኖቼ፣ እኛ የስምጥ ሸለቆ ሰዎች ስለ “አጋጣሚ” የምንለው አናጣም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ፈንታሌ ግድም ምድር ለወራት ስትናወጥ መተሐራ ተንቀጠቀጠች፤ አዳማም ተሰማን። “የአምላክ ቁጣ ነው” ያለ አለ፤ “አጋጣሚ ነው” ያለም አለ።

እኔ ግን እጠይቃለሁ፦ አጋጣሚ የሆነው ምኑ ነው? ከእግራችን በታች ያለው መሬት በየዓመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር እየተላቀቀ ነው። በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬ ላይ በደረሰው መንቀጥቀጥ ማጀቴ ፈርሳለች። መምጣቱ እንግዲህ የታወቀ ነው፤ ያልታወቀው ቀኑና ሰዓቱ። ዕጣ የምንለውም ይህንኑ ነው፦ ምክንያት የሌለውን ሳይሆን፣ ምክንያቱ እያለ እኛ አስልተን ያልደረስንበትን።

ግድግዳ ግን በዕጣ አይፈርስም እኮ! ብረቱ የተቀነሰለት፣ ሲሚንቶው የሳሳ፣ ያለ መሐንዲስ የቆመ ቤት... ሰዓቱን ማንም አያውቅም፤ ቀድሞ የሚወድቀውን ግን ሁላችንም እናውቃለን።

ስለዚህ ነገ ሹም መጥቶ “አጋጣሚ ነው” ቢለን፣ “የቱ?” እንበለው። ሰዓቱን ከሆነ እሺ፣ እንቀበላለን። ግድግዳውን ከሆነ ግን የፈቃዱን ወረቀት ያምጣ፤ ዕጣ አይፈርምም!