የሁለት መርማሪዎች ቃል



በሙግት ሸንጎ ሁለት ምስክሮች ስለ አንድ ነገር የሚሰጡት ቃል ከተለያየ ዳኛው ይቸገራል። የሐኪም ምርመራም ምስክርነት ነው፤ በዚህ ቃል ላይ ተመሥርቶ መድኃኒት ይሰጣል ወይም ይከለከላል። ስለዚህ የአንዱ መርማሪ ቃል ከሌላው ቃል ጋር መገናኘቱ እንደ ቀላል ነገር ሊታይ አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ1967 ዶክተር ክርስቲያን ባርናርድ በኬፕ ታውን የሰውን ልብ ወደ ሌላ ሰው ካዛወሩ ወዲህ፣ ለዚህ ሕክምና ዋናው ችግር የበሽተኛው ሰውነት አዲሱን ልብ እንደ ባዕድ ቈጥሮ መዋጋቱ ነው። ሐኪሞችም በደም ሥር በኩል ቀጭን መቈንጠጫ አስገብተው ከልቡ ጥቂት ሥጋ ያወጣሉ፤ የፓቶሎጂ ሊቃውንትም ያንን በማይክሮስኮፕ ተመልክተው የጠቡን ብርታት በደረጃ ይለያሉ። የደረጃው ደንብ እ.ኤ.አ. በ1990 ወጣ፤ በ2004ም ተሻሽሎ ቀለል አለ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ የሊቃውንቱ ስምምነት በጠቅላላው 71 ከመቶ ሲሆን፣ ብርቱ በሆነው ጠብ ላይ ግን 28 ከመቶ ያህል ብቻ ነበር። የሚበዛው ስምምነት የተገኘው ደኅና በሆነው ናሙና ላይ ነው።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን በጎጃም ደጋም ይኸው ጥያቄ አለ። በዚያ የሚመዘነው ልብ ሳይሆን የሕፃናት ዓይን ነው። ትራኮማ ደጋግሞ የያዘው ሰው የዓይኑ ቆብ ከውስጥ ይጠባሰሳል፤ ሽፋሽፍቱም ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌኑን እየፋቀ ያሳውራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው ደንብ መሠረት፣ መርማሪው የላይኛውን ቆብ ገልብጦ ግማሽ ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ያላቸው አምስት ወይም ከአምስት የበለጡ እባጮች ካገኘ ሕፃኑን ታማሚ ይለዋል። አራት ነው ወይስ አምስት? ልዩነቱ ይህን ያህል ጠባብ ነው።

እንግዲህ በደብረ ማርቆስ አካባቢ ባለችው በአምበር ሁለት መርማሪዎች 100 ሕፃናትን አዩ ብለን እናስብ። እያንዳንዳቸው አሥር አሥር ታማሚ ለዩ፤ ሁለቱም የጠሯቸው ሕፃናት ግን አምስት ብቻ ናቸው። በዘጠና ሕፃናት ላይ ተስማምተዋልና «90 ከመቶ» ብለን ልንደሰት እንችላለን። ነገር ግን ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፍነው አሥር አሥር ስም በዕጣ ቢያወጡ እንኳ በ82ቱ ያህል ላይ ይስማሙ ነበር። ስለዚህ በሙያቸው ያተረፉት ከቀሩት 18 ውስጥ ስምንቱን ብቻ ነው፤ ይህም 0.44 ይሆናል። ይህን መለኪያ ሊቃውንት «ካፓ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2016 በብዙ አገሮች፣ በኢትዮጵያም ጭምር፣ በተካሄደው የትራኮማ ቆጠራ ከ0.7 በታች ያመጣ መርማሪ ለሥራው አይሰማራም ነበር።

ይህን ያህል ጥንቃቄ ያስፈለገው ቍጥሩ ወደ ውሳኔ ስለሚለወጥ ነው። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ካሉት ሕፃናት መካከል ታማሚው 10 ከመቶ ከደረሰ፣ ለወረዳው ሕዝብ በሙሉ በየዓመቱ አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት እንዲታደል ተደንግጓል። መርማሪው ቢያበዛ መድኃኒት በከንቱ ይባክናል፤ ቢያሳንስ ደግሞ ሕፃኑ ካደገ በኋላ ብርሃኑን ያጣል። መድኃኒቱ በሚገባው ስፍራ ሲውል ምን እንደሚሠራ በምሥራቅ ጎጃም በጎንቻ ሲሶ እነሴ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 በተጀመረው ጥናት፣ ሕፃናት በየሦስት ወሩ መድኃኒት በተሰጣቸው ቀበሌዎች የበሽታው ተሐዋስ በሕፃናቱ ላይ ከ48.4 ከመቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 3.6 ከመቶ ወርዷል። ይህም የታወቀው በዓይን ብቻ ሳይሆን በላቦራቶሪ ምርመራ ጭምር ነው።

በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ አድማጮች ሆይ! በየጠረጴዛችሁ ላይ የሚቀርበው ሰንጠረዥ ሁሉ ከአንድ ሰው ዓይን የወጣ ቃል ነው። «ስንት ከመቶ?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ አስቀድሞ፣ «ያዩት ሰዎች እርስ በርሳቸው ተመዝነዋልን?» ብላችሁ ጠይቁ። መርማሪን መመዘን እርሱን መጠርጠር አይደለም፤ በማያውቀው ቢሮ ውስጥ በቃሉ ለሚፈረድለት ሕፃን ዋስ መጥራት ነው።