አዲስ መኪና ዘይቱ የሚቀየረው መቼ ነው?

(በሰፈራችን ነዋሪዎች ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በንብረት ክትትል ንዑስ ኮሚቴ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ ሞተር ዘይት እንናገራለን ስንል አንዳንዶቻችሁ «ይሄ የጋራዥ ወሬ ለኛ ምን ያደርግልናል?» ማለታችሁ አይቀርም። ሆኖም መኪና የሌለውም ሰው እንዲያዳምጠን እንለምናለን። ምክንያቱም የተበላሸው የሁላችንም መዋጮ ነው፤ ያለ ጥፋቱ የተወቀሰውም የሰፈራችን ልጅ ነው።

እንደምታስታውሱት ማኅበራችን በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. አንድ አዲስ የቤንዚን ሚኒባስ ገዝቶ ነበር። የተገዛውም ለቀብር፣ ሕመምተኛ ሐኪም ቤት ለማድረስና አረጋውያንን ለማመላለስ ነው። ይኸው መኪና በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ከቀብር ሲመለስ ሞተሩ ተንኳኩቶ ቆመ። በዚያን ጊዜ ቆጣሪው የሚያሳየው 7,400 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። እኛም ነገሩን ሳናጣራ «አዲስ ሞተር በ7,400 ኪሎ ሜትር የሚሞተው ሾፌሩ ቢያንገላታው ነው» ብለን ፈረድን። ከደመወዙም ለአራት ወር ቆረጥንበት።

ሞተሩ ወርዶ ሲከፈት የታየው ግን ሌላ ነው። ዘይቱ እንደ ሬንጅ ወፍሮ፣ ፓምፑ ዘይት የሚስብበትን ወንፊት ደፍኖታል። ፊልትሮው ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ነው። በ27 ወር ውስጥ ዘይቱ አንድ ጊዜ እንኳ አልተቀየረም ማለት ነው። ለምን? ሾፌሩ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቆ ነበር። «መጽሐፉ 10,000 ነው የሚለው፤ ገና ነው» ብለን የመለስነው እኛው ነን። ስለ ዋስትናም የሸጠልንን ክፍል ብንጠይቅ «የአገልግሎት መዝገባችሁን አምጡ» አለን። ምን መዝገብ አለንና!

እንግዲህ ከመኪናው ጋር የመጣውን መጽሐፍ ዘግይተንም ቢሆን አነበብነው። «10,000 ኪሎ ሜትር ወይም 12 ወር፣ ከሁለቱ ቀድሞ በደረሰው» ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ መኪናው በአቧራ መንገድ፣ በአጭር ጉዞ ወይም ቆሞ ሞተሩ እየሠራ ብዙ የሚቆይ ከሆነ 5,000 ኪሎ ሜትር ወይም 6 ወር ይላል። እኛ ያየነው የመጀመሪያዋን ቁጥር ብቻ ነው። «ወይም» የምትለዋን ቃል ዘለልናት፤ እሷ ናት ሞተሩን ያስወረደችን።

ዘይት በወር ብዛት እንዴት ይበላሻል ለሚለው፣ ነገሩ እንዲህ ነው። የዘይት ሥራ ማለስለስ ብቻ አይደለም። ሙቀት ይወስዳል፣ ጥቀርሻና ብናኝ ተሸክሞ ወደ ፊልትሮው ያደርሳል፣ ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል። ቤንዚን ሲቃጠል ውሃም ይፈጠራል፤ ከዚህ ውሃና ካልተቃጠለው ቤንዚን ጥቂቱ በፒስተኑ ፋሻ በኩል እየሾለከ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ረጅም መንገድ ከሄደ ይኸ ተንኖ ይወጣል። መኪናው ከሰፈር ገበያ፣ ከገበያ ሰፈር ብቻ የሚል ከሆነ ግን ሞተሩ ሳይሞቅ ይጠፋል፤ ውሃውና ቤንዚኑም እዚያው ይቀራል። ዘይቱ ውስጥ ያለው ማጽጃ ቅመም ያልቅና ዘይቱ ወደ ጭቃነት ይለወጣል። የቀብር መኪና ደግሞ ሰው እስኪሰበሰብ ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሞ ይጠብቃል። ቆሞ የሚሠራ ሞተር ኪሎ ሜትር አይቆጥርም፤ ዘይቱ ግን ያረጃል።

አሁን አዲስ መኪና ያላችሁ ደጋግማችሁ ወደምትጠይቁን እንለፍ። የመጀመሪያው ዘይት መቼ ይቀየር? በሰፈራችን ሁለት ወገን አለ። አንዱ «በ1,000 ኪሎ ሜትር ካልተደፋ ሞተሩ አለቀ» ይላል። ሌላው «የዛሬ ሞተር እንደ ድሮው አይደለም፣ መጽሐፉ እስከሚለው አይነካም» ይላል። ሁለቱም ከመሬት ተነሥተው አልተናገሩም። በድሮው ጊዜ ሞተር ሲሠራ የብረቱ ገጽ ሻካራ ስለነበር በሮዳጅ ወቅት የሚፋቀው ብናኝ ብዙ ነበር፤ ስለዚህ ቶሎ መድፋት ግዴታ ነበር። የዛሬው ፋብሪካ ብረቱን አጥርቶ ስለሚፍቅና ስለሚያጥብ ብናኙ በጣም ቀንሷል። ቢሆንም ሁሉም መኪና አንድ አይደለም። ሆንዳ የፋብሪካው ዘይት ከተለመደው ጊዜ በፊት እንዳይደፋ ይመክራል። ቢ ኤም ደብልዩ ደግሞ ኤም ለሚባሉት ፈጣን መኪናዎቹ በ2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሮዳጅ አገልግሎት ያዝዛል። ስለዚህ ዳኛው ጎረቤት ሳይሆን የራስ መኪና መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ስለ መጀመሪያው ዘይት የተለየ ነገር ካላለ መደበኛው ጊዜ ይጠበቃል።

ግን መደበኛው የቱ ነው? እዚህ ላይ ራሳችንን አናታልል። ኮረኮንች፣ አቧራ፣ ዳገት፣ የመኪና ሰልፍና አጭር ጉዞ ያለበት ሰው የሚመለከተው የከባድ አጠቃቀም ሠንጠረዥ ነው። በሰፈራችን ከዚህ ውጪ የሆነ መኪና ጥቂት ነው።

ለማስታወስ ያህል የሚከተሉትን እንዘርዝር።

1ኛ/ በመጀመሪያዎቹ 1,000 ኪሎ ሜትሮች ሞተሩን አታስጩኹት፣ ከባድ ጭነት አትጫኑበት፣ በአንድ ፍጥነት ብቻም ረጅም መንገድ አትንዱት።

2ኛ/ ዘይት በየሳምንቱ ይለካ፤ ሞተሩ አዲስ ነውና አይጎድልም አይባልም። መኪናው ደልዳላ ቦታ ይቁም፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ፣ መለኪያው ተጠርጎ እንደገና ይግባና ይታይ። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። ከላይኛው ምልክት ማሳለፍም ጉዳት አለው።

3ኛ/ የዘይት መጥቆር ብቻውን የመበላሸት ምልክት አይደለም፤ የናፍጣ ሞተር ዘይት ቶሎ ይጠቁራል። እንደ ወተት ከነጣ ግን ውሃ ገብቶበታልና ሳይውል ሳያድር ይታይ።

4ኛ/ ዘይት ሲቀየር ፊልትሮውም አብሮ ይቀየር። በዕቃው ላይ ያለው ቁጥር፣ ለምሳሌ 5 ደብልዩ 30፣ መጽሐፉ ከሚያዘው ጋር ይመሳከር። ኤ ፒ አይ ከሚለው ቀጥሎ ያለው ፊደል በኤስ ከጀመረ ለቤንዚን፣ በሲ ከጀመረ ለናፍጣ ነው። ማሸጊያው የተነካካ ዕቃ አትግዙ።

5ኛ/ ቀይዋ የዘይት መብራት እየሄዳችሁ ከበራች «ቤት ልድረስ» አይባልም። ዳር ይዞ ወዲያው ሞተር ማጥፋት ነው። የእኛ ሾፌር ይህንኑ አድርጎ ቢደውልልን «ቀስ ብለህ አምጣው» ያልነው እኛ ነን።

6ኛ/ የተደፋ ዘይት ወደ ቦይ አይፈስም። ጉድጓድና ወንዝ ይበክላል፤ ልጆቻችንም እዚያው አጠገብ ይጫወታሉ። በጀሪካን ተይዞ ለሚሰበስብ ጋራዥ ይሰጥ።

ኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁ የሞተር ዘይት ጉዳይ አይመለከታችሁም። የፍሬን ዘይታችሁ፣ የማቀዝቀዣ ውሃችሁና የማርሹ ዘይት ግን የየራሳቸው ጊዜ አላቸውና መጽሐፋችሁን እዩ። የነዳጅ መኪና ያለን ሰዎች ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተወሰነ ወዲህ በእጃችን ያለውን ጠብቀን ማቆየት ግድ ሆኖብናል። ነገርን ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይኸ ነው።

በመጨረሻ፣ ኮሚቴያችን ለጠቅላላው ጉባኤ ሦስት ነገር ያቀርባል። አንደኛ፣ ከሾፌራችን ደመወዝ የተቆረጠው የአራት ወር ገንዘብ በሙሉ እንዲመለስለት። ሁለተኛ፣ ለማኅበሩ መኪና መዝገብ ተከፍቶ ዘይት የተቀየረበት ቀንና ኪሎ ሜትር እንዲጻፍ፤ የሚቀየርበትም ጊዜ 5,000 ኪሎ ሜትር ወይም 6 ወር፣ ቀድሞ በደረሰው እንዲሆን። ሦስተኛ፣ ሾፌሩ «ጊዜው ደርሷል» ሲል ስብሰባ ሳይጠበቅ ወጪው እንዲፈቀድ።

ሾፌራችንን በሰው ፊት ወቅሰነዋል፤ ይቅርታውንም በሰው ፊት እንጠይቀዋለን። ወንድማችን፣ ጥፋቱ የእኛ ነበር። አንተ አውቀህ ነገርኸን፣ እኛ አልሰማንህም። ይቅር በለን።