«ዘግይቶ መጣ» የምንለው በሽተኛ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን፥ የቀድሞ ተማሪ የነበሩና አሁን ቀዶ ሕክምና የሚያስተምሩ ሐኪም ያደረጉት ንግግር)



ከብዙ ዓመታት በፊት በዚህ አዳራሽ በስተኋላ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንግዶች ሲናገሩ እሰማ ነበር። ዛሬ ተራው የእኔ ሆኖ በፊታችሁ ስቆም፥ ስለ ሙያዬ ክብር ሳይሆን ስለ አንድ ስሕተቴ ልነግራችሁ ወደድሁ። ሬዚደንት ለምንላቸው ወጣት ሐኪሞች የማስተምረው ዋናው ትምህርት የተገኘው ከዚያ ስሕተት ነውና።

ገና ቀዶ ሕክምና በምማርበት ጊዜ አንድ ገበሬ አንጀቱ ተጠምዝዞ፥ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ መጣ። ሕመሙ ከጀመረው አራተኛ ቀኑ ነበር። የተጠመዘዘ አንጀት ደም ከተቋረጠበት በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ ቶሎ ከተደረሰለት ግን ብዙ ጊዜ ይድናል። እኔም ተቈጥቼ ወንድሙን «እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?» አልሁት። እርሱም ጋቢውን አደግድጎ እንዲህ ሲል መለሰልኝ፤

«ጌታዬ፥ በመጀመሪያው ቀን ይሻለው ይሆናል ብለን ጠበቅን። በሁለተኛው ቀን በሬ ሸጥን። በሦስተኛው ቀን በቃሬዛ ተሸክመን እስከ መኪና መንገድ ተጓዝን። አራተኛውን ቀን ግን እዚሁ ግቢያችሁ ውስጥ ካርድ ለማውጣት ተሰልፈን ዋልን።»

የምመልስለት አጣሁ። የሞተውን አንጀት ቈርጠን አወጣን፤ ሰውዬው ግን ከሦስት ቀን በኋላ ዐረፈ። እኔም በመዝገቡ ላይ «ዘግይቶ የመጣ» ብዬ ጻፍሁ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ የእኛን ቀን ጨምሮ አራቱንም ቀን በሟቹ ላይ የጫነ ነበርና።

ኋላ እንደ ተረዳሁት፥ ይህን ነገር ሊቃውንት አስቀድመው መርምረውታል። ታዴየስና ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ዓ.ም. ስለ እናቶች ሞት ባሳተሙት ጽሑፍ መዘግየትን በሦስት ከፍለውታል፤ ይኸውም ለመሄድ ለመወሰን መዘግየት፥ በመንገድ መዘግየት፥ ከደረሱም በኋላ ሕክምና እስኪያገኙ መዘግየት ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከሚደረገው 313 ሚሊዮን ያህል ቀዶ ጥገና ለድኻው ሲሶ ሕዝብ የሚደርሰው ከመቶ 6 ብቻ መሆኑን ገልጿል። እንግዲህ አንጀት በባለጸጋውም በድኻውም ሆድ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፥ አንዱ ድኖ ሌላው የሚሞተው በመንገዱ፥ በገንዘቡና በበራችን ምክንያት ነው ማለት አይደለምን?

በአገራችን ፊስቱላ የሚባለውም ጉዳት ይህንኑ ይመሰክራል። ምጥ ሲጠናና ሳይረዷት ሲውል ሲያድር የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ገላ ተጭኖ ያቈስላል፤ ሽንቷንም መቈጣጠር ይሳናታል። በጊዜው ሆድ ተከፍቶ ሕፃኑ ቢወጣ ግን ይህ ጉዳት ባልደረሰ ነበር። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጥተው፥ በ1974 ዓ.ም. የፊስቱላ ሆስፒታል መሠረቱ። በሽተኛ ሆነው የመጡት ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼም ከእነርሱ ተምረው ራሳቸው ይህን ቀዶ ጥገና የሚሠሩ ባለሙያ ሆነዋል። የጐደላቸው ዕድል እንጂ ችሎታ አልነበረም።

ስለዚህ ለሬዚደንቶቼ ቢላዋ ከማስያዜ በፊት ሦስት ነገር አዛቸዋለሁ። አንደኛ፥ በሽተኛው ከየት እንደ መጣ፥ ማን እንዳመጣውና ለመምጣት ምን እንደ ሸጠ ጠይቀው እንዲጽፉ። ሁለተኛ፥ «ዘግይቶ የመጣ» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው፤ የት ቦታ ስንት ሰዓት እንደ ዘገየ ይጻፍ። ሦስተኛ፥ ነጭ ካባቸውን አውልቀው አንድ ቀን ከንጋት ጀምሮ ከበሽተኞች ጋር በካርድ ሰልፍ እንዲቆሙ።

ይህን ሦስተኛውን ብዙዎች ይንቁት ነበር። አንዷ ሬዚደንት ግን ከሰልፉ ተመልሳ፥ ሆዱ የተነፋና ደም የሚፈሰው ሰው ካርድ ሳይጠብቅ በቀጥታ እንዲገባ የሚለይ ነርስ በበሩ ላይ እንዲቆም ለመነች። አለቆችም ፈቀዱላት። መንገድ መሥራትና በሬ ማስመለስ አልቻለችም፤ የእኛን አራተኛ ቀን ግን አሳጠረችው። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ያላደረግሁትን እርሷ አደረገችው።

ውድ ተማሪዎች፥ ከእናንተ መካከል ሐኪም የሚሆን ጥቂት ነው። መንገድ የሚቀይስ፥ በጀት የሚጽፍ፥ በመስኮት በኩል ካርድ የሚሰጥ ግን ብዙ ይሆናል። የዚያ ገበሬ ነፍስ በእነዚህ ሁሉ እጅ አልፋለች። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለሁላችን ነውና፥ በበራችሁ የቆመውን ሰው «የት ነበርህ?» ከማለታችሁ በፊት፥ «እኛ ስንት ሰዓት አቆምንህ?» ብላችሁ ጠይቁ።