የአገር ስም እንደ ንብረት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በዚህ በተከበረ ጉባኤ ፊት ልንናገርበት የመረጥነው ነገር የአገር ስም በሸቀጥ ላይ ሲውል የሚገባው የሕግ ጥበቃ ነው። ርእሱ ለጠበቆች ብቻ የሚሆን ይመስላል እንጂ በገበያችን ዘወትር የምንሰማው ነው። ገዢው «የየት አገር በግ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፥ ሻጩም «የፋርጣ» ሲል፥ በዚያች በአንዲት ቃል ዋጋው ይለወጣል። በመጽሐፍ ቅዱስም የሊባኖስ ዝግባ፥ የኦፊር ወርቅ፥ የገለዓድ በለሳን ሲባል እናነባለን፤ ስለዚህ ልማዱ ጥንታዊ ነው።

እንግዲህ ስም ዋጋ የሚጨምር ከሆነ፥ ስሙን የሚመኝ ሌላ ሰው መነሣቱ አይቀርም። ፈረንሳዮች ይህን ቀድመው ስላወቁ ከሻምፓኝ አውራጃ ያልተገኘ የወይን ጠጅ በዚያ ስም እንዳይሸጥ በሕግ ከልክለዋል።

የእኛ አገር ታላቁ ምሳሌ ቡና ነው። መንግሥታችን በ1997 ዓ.ም. ሐረር፥ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የተባሉት ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት መሥሪያ ቤት እንዲመዘገቡለት አመለከተ። ይርጋ ጨፌ ተመዘገበ፤ በሲዳሞ ላይ ግን ስታርባክስ የተባለው ኩባንያ ይህ ቃል ያለበትን የራሱን ምልክት ቀድሞ አመልክቶ ስለ ነበር ነገሩ ተሰናከለ። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበርም ስሞቹ የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነዋል ሲል ተቃወመ። ክርክሩን በአገራችን በኩል የመራው የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ነበረ፤ ኦክስፋም የተባለው የርዳታ ድርጅትም ጉዳዩን በዓለም ፊት አሰማ። በመጨረሻም በሰኔ ወር 1999 ዓ.ም. ስታርባክስ የስሞቹን ባለቤትነት አምኖ ውል ተፈራረመ።

ይህን ስናነብ፥ ፈረንሳዮች በሄዱበት መንገድ ስለ ምን አልተሄደም? ብለን ጠየቅን። በዚያ መንገድ እያንዳንዱ ከረጢት ከተወሰነው ቦታ መምጣቱን እየተቆጣጠሩ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ የእኛ ቡና ግን ከእጅግ ብዙ ገበሬዎች ትንንሽ ማሳና ጓሮ የሚለቀም ስለ ሆነ፥ የቁጥጥሩ ወጪ ዞሮ በገበሬው ላይ በወደቀ ነበር። የንግድ ምልክት ስሙን ለመንግሥት ይሰጥና ነጋዴውን በውል ያስራል። በእኛ አስተያየት ብልኅ ምርጫ ነበረ፤ ሆኖም ስሙን ከመነጠቅ ያድናል እንጂ የቡናውን ጥራት በራሱ አይጠብቅም።

አሁን ወደ ደቡብ ጎንደር እንመለስ። ሩዝ በፎገራ ሜዳ ላይ በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች አማካይነት የተስፋፋ እንግዳ ነው፤ ዛሬ ግን የፎገራ ሩዝ ማለት ስመ ጥር ሆኗል። (በዚህ የሚሥቅ ቢኖር፥ ድንችም ከአሜሪካ የመጣ መሆኑን ያስታውስ፤ የደብረ ታቦር ሰው ግን የራሱ አድርጎታል።) አንድ ነጋዴ ከባሕር ማዶ የመጣውን ሩዝ ከፎገራው ጋር ቀላቅሎ በከረጢቱ ላይ «ፎገራ» ብሎ ቢጽፍ፥ ማን ይከሰዋል? በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501 አንድ ማኅበር ለአባሎቹ የወል ምልክት እንዲያስመዘግብ ይፈቅዳል። ነገር ግን አስቀድሞ ገበሬዎቹ ተሰብስበው፥ በስማችን የሚሸጠው ይህ ነው፥ የማይሸጠውም ያ ነው ብለው ደንብ ማውጣት አለባቸው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን የፎገራ ከብት ነው። ላሟ በወተቷ የታወቀች፥ ውሃ የሚተኛበትን ሜዳ የለመደች ናት። ሩዙ ግጦሹን እየወሰደባት፥ ከሌላ ዝርያም ጋር እየተዳቀለች፥ ንጹሑ ዝርያ አንሷል፤ በባሕር ዳር አጠገብ በአንዳሳ የምርምር ማእከል ዘሩን ለማቆየት ይደከማል። እንዲህ ሆኖ አንዱ ፎገራ ሌላውን ፎገራ እየገፋው ነው። የሩዙ ስም ተጠብቆ ዋጋው ከፍ ቢል፥ ገበሬው የቀረውን መስክ ለማረስ ይበረታታል፤ ልጆቹን የሚያሳድግበት ነውና አንፈርድበትም። ስለዚህ ደንቡን የሚያወጡት ሰዎች፥ ስንት ማሳ ለሩዝ፥ ስንት መስክ ለከብት እንደሚቀር በዚያው ስብሰባ ላይ እንዲነጋገሩ እንለምናለን።